የታሸገ ፍርድ

ነጋዴ ግልባጭ ሳያስቀር ወረቀት ከእጁ አያወጣም። ለጋሼ የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ማስታወሻ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፤ የእሳቸውንም ሲደርሰኝ እዚሁ እለጥፋለሁ። ከሥሩ ደግሞ በደብዳቤ የማይባለውን እጽፋለሁ።

ጋሼን በአካል አግኝቻቸው አላውቅም። ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠሩ የድምፅ ባለሙያ ናቸው፤ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሱቄ የጆሮ ማዳመጫ በፖስታ አዘው፣ ዕቃው ሲደርሳቸው አራት ገጽ አስተያየት ላኩልኝ። እንዲህ የሚሰማ ሰው አይቼ ስለማላውቅ መለስኩላቸው። በዚያው ቀጠልን።

ደንብም አወጣን። አዲስ ማዳመጫ ሲመጣልኝ "ቅድሚያ ለታላቅ" ብዬ ወደ እሳቸው እልከዋለሁ። አንድ ሳምንት ይሰሙታል፤ ፍርዳቸውን ጽፈው በፖስታ ያሽጉና ከዕቃው ጋር ይመልሱልኛል። እኔም ሳምንት ሰምቼ የራሴን ፍርድ ጽፌ ሳልጨርስ ፖስታውን አልከፍትም። አንዱ የሌላውን ጆሮ እንዳይበክል ነው።

ጥቅምት 6

ይድረስ ለጋሼ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሳጥኑ ባለፈው ሳምንት በደህና ገባ። ጥጉ ትንሽ ተጨፍልቋል፤ ውስጡ ግን እንቁላል ቢሆን እንኳ አይሰበርም ነበር። ማዳመጫ በካልሲ መጠቅለል የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ ሌላ አላየሁም። ካልሲዎቹን አሳጥቤ ልኬያለሁ።

ለአውቶቡስ የትኛው ይሻላል ላሉኝ፣ ክፍቱን ይርሱት። ጀርባው ወንፊት የሆነ ማዳመጫ ቤት ውስጥ ንጉሥ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ግን የሞተሩ ጩኸት ይገባል፣ የእርስዎ ሙዚቃ ይወጣል፤ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ሳይጋበዝ ያዳምጣል። ድፍኑ ጥሩ ነው፤ ግን በሙቀት ጊዜ ጆሮ ያልባል፣ አንገት ላይ ሲያወርዱትም እንደ ቀንበር ይከብዳል። ለመንገድ የምመርጥልዎ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ትንሹን፣ ባለ ገመዱን ነው። የጎማውን ቆብ ግን በደንብ ይለኩ። በሱቄ "ባስ የለውም" ተብሎ ከሚመለሰው ዕቃ አብዛኛው ጤነኛ ነው። ጎማው ስላልገጠመ ባሱ በዳር ይሾልካል፤ ሰው ግን ዕቃውን ይረግማል። ገመድ አልባው ለሚሮጥ ሰው ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከአውቶቡስ ኋላ እንኳ እንደማይሮጡ ነግረውኛል።

ስልኬ ይበቃል ወይስ ማጫወቻ ልያዝ ላሉኝም፣ ለትንሹ ስልክዎ ይበቃል። ለትልቁ ክፍት ማዳመጫ ግን ጉልበት የለውም፤ ጋሪን በፍየል መጎተት ነው።

ስለ ክፍቱ ፍርዴን በሌላው ወረቀት ያገኙታል። የእርስዎን ፖስታ የከፈትኩት የራሴን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ሳቄ መጣ። እርስዎ "ቀጭኑ ድምፅ እንደ ተወለወለ መስታወት ነው" ብለዋል፤ እኔ "እንደ ታጠበ ብርጭቆ" ብዬ ነበር። ባሱ ላይ ግን አልስማማም፤ ለእኔ ትንሽ ይጎትታል። ቢቆጡም ከቃሌ አልመለስም።

ለመሆኑ ስልክ የማያነሱት ለምንድን ነው? ሁለቴ ደወልኩ።

አክባሪዎ፣
ነጋዴው

ከሥሩ፦ ፖስታውን የከፈትኩት ሳጥኑ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ማዳመጫው ገና በካልሲ እንደተጠቀለለ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። "መስታወት" ያሉትን "ብርጭቆ" አደረግኩት። ባሱ ላይ መጣላት ልማዴ ነው፤ በሁሉ ነገር የሚስማማ ሰው ይጠረጠራል። ደግሞም ባሱን እሰማዋለሁ።

ቀጭኑን ግን አልሰማም። በወጣትነቴ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠርቻለሁ፤ መጋዙ ምን እንደወሰደብኝ ያወቅሁት ዘግይቶ ነው። ጆሮ ሐኪም ቤት ነርሷ ማዳመጫ አድርጋልኝ "ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ" አለችኝ። ጥቂት ከተጫንኩ በኋላ ጸጥ አለ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። "ቀሪው መቼ ነው የሚጀመረው?" ብላት "ጨርሰናል እኮ" አለችኝ። ጨው የማይለይ ምግብ አብሳይ ሆኛለሁ ማለት ነው። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ለደንበኛ የምናገረው የጋሼን ቃል ነው፤ ደንበኛውም "ሰውዬው ጆሮ አለው" እያለ ይሄዳል።

የደወልኩትም እንዳያነሱ እየጸለይኩ ነበር። ፊት ለፊት ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?

ጥቅምት 19

ለነጋዴው ወዳጄ፦

ካልሲዎቹ ደርሰውኛል። አንዱ የእኔ አይደለም፤ ግን ከእኔው ስለሚሻል አልመልስም።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልከኝ፣ የስልክ ድምፅ የታኘከ ድምፅ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጥርት ያለ ድምፅ ሳወጣ ኖሬ በስተርጅና ከቆርቆሮ ውስጥ ሰው አላናግርም። ሚስት ሳላገባ ከስቱዲዮ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እምብዛም የሚፈልገኝ የለም። ደብዳቤ ይሻላል። ደብዳቤ አይንሾካሾክም።

ባሱ ይጎትታል ማለትህ ስህተት ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ዋናው ቀጭኑ ላይ መግጠማችን ነው።

አሁን ለሰው ያላወራሁትን ልንገርህ። አዲሷ የክፍል ኃላፊያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ጎበዝ ናት፣ ክፋትም የለባትም። እኔ ድምፁን ያስተካከልኩትን ዜና ሰምታ በሰው ፊት "አባባ፣ ይወጋል" አለችኝ። ስቱዲዮው ሁሉ አባባ ነው የሚለኝ። "ምኑ?" ብላት "ቀጭኑ ድምፅ፤ አድማጮችም እየጻፉልን ነው" አለች። እኔ ደግሞ ሰዉ ሁሉ አፉን በብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚያወራ ስለሚመስለኝ ነው ከፍ የማደርገው። የዛሬ ልጆች ማይክራፎን ፊት ያጉተመትማሉ እንጂ አይናገሩም።

ስለዚህ ፍርድ እፈልጋለሁ። በትንሿ ሜሞሪ ካርድ ላይ የአንድ ዜና ሁለት ቅጂ አለ፤ "ሀ" እና "ለ" ብያቸዋለሁ። አንዱን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፣ አንዱን እሷ። የትኛው የማን እንደሆነ በታሸገው ፖስታ ውስጥ አለ። እንደ ደንባችን ስማ፣ ጻፍ፣ ከዚያ ክፈት። ሌላ ሰው አልጠይቅም። አንተ ካልከው ይበቃኛል።

ያው ሰውዬ

ከሥሩ፣ ጥቅምት 27፦ ፖስታውን ከፈትኩ። የእሳቸው "ለ" ነው። ከዚያ ሁለቱንም ሰማሁ። አንድ ናቸው። ደግሜ ሰማሁ፤ ማዳመጫ ቀይሬ ሰማሁ። አንድ ናቸው።

ባለቤቴ መደርደሪያው ሥር ተቀምጣ ገመድ ትጠቀልል ነበር። ማዳመጫውን ጭንቅላቷ ላይ አደረግኩላት።

"ይሄ 'ሀ' ነው። እንዴት ነው?"

"ሰው ዜና ያነባል። ደህና ነው።"

"ይሄስ?"

ከጆሮዋ መንጭቃ አወጣችው። "ውይ! መርፌ ነው እንዴ? 'ስ' ባለ ቁጥር ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?"

"ጋሼ።"

ገመዱን ጠቅልላ ጨርሳ አስቀመጠችው። "ታዲያ ንገራቸዋ።"

"ምን ብዬ?"

"ጆሮዎ ደክሟል ብለህ ነዋ። ካንተ ሌላ የማንን ቃል ይሰማሉ?"

"በምን ጆሮዬ ሰምቼ?"

"በእኔ ጆሮ! ሦስት ዓመት በእሳቸው ጆሮ ስትነግድ ያላፈርክ፣ በእኔ ጆሮ አንድ ቀን እውነት መናገር ነው የሚያሳፍርህ?"

"በእሷ ጆሮ" ብዬ ከጻፍኩ "የአንተስ?" ይሉኛል። ከዚያ ሦስቱ ዓመት አንድ በአንድ ይተረተራል። ይህን ነገርኳት።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር" አለች እየተነሣች። "የናንተ ግን ለወዳጅም ባዳ ነው።"

ጥቅምት 28

ይድረስ ለጋሼ፦

ካርዷ በደህና ደርሳለች። ለአራት ቀን ጠዋት ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት ሰማኋቸው። በትልቁም በትንሹም ማዳመጫ ሞከርኩ።

"ሀ" የታፈነ ነው፤ አንባቢው ከመጋረጃ ኋላ የቆመ ይመስላል። "ለ" ክፍት ነው፤ ቃሉ ከአፍ እንደወጣ ይደርሳል። ትንሽ ስለት አለው፤ ስለት የሌለው ቢላ ግን ምን ይቆርጣል? እኔ "ለ"ን ነው የምመርጠው። ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ ፖስታውን ከፍቼ የእርስዎ መሆኑን አየሁ፤ ደስ አለኝ።

ኃላፊዋ በምን ማዳመጫ እንደምትሰማ ቢጠይቋት ጥሩ ነው። ርካሽ ማዳመጫ ጤነኛውን ቅጂ የታመመ ያስመስለዋል።

አክባሪዎ፣
ነጋዴው

ከሥሩ፦ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጻፍኩት። የመጨረሻዋን ነጥብ የጨመርኩት ደብዳቤው እውነተኛ እንዲመስል ነው፤ ዕቃ ሻጭ ሁልጊዜ ዕቃውን ይጠረጥራል። ባለቤቴ ግልባጩን ስሠራ አየችኝ። ሻይዬን ሳታቀርብልኝ ሄደች፤ ራሴ ቀዳሁ።

ኅዳር 9

ለወዳጄ፦

ዝም ያልኩት ታምሜ እንዳይመስልህ። አልታመምኩም፤ ሥራ ቦታ ነገር በዝቶብኝ ነው።

ደብዳቤህን ስብሰባ ላይ አነበብኩላቸው። "እኔ ብቻ አይደለሁም" አልኩ፤ "ይኸው፣ የማን ቅጂ እንደሆነ ሳያውቅ የፈረደ ሰው።" ስለ ቢላው የጻፍከው ላይ ስደርስ አንዱ ሳቀ፤ ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም። "ሰውዬው በእርግጥ ሳያውቅ ነው የፈረደው?" አለችኝ። "ልጄ፣ አንቺ የማታውቂው ደንብ አለን" አልኳት። ያን ጊዜ ቆሜ ነበር የምናገረው።

የቀረበልኝ ይህ ነው፦ እስከ ኅዳር 30 የጆሮ ምርመራ ልግባ። ደክሟል ከተባለ ማስተካከሉን ትቼ አዳዲስ ሠራተኞችን ማይክራፎን አቀማመጥ እንዳስተምር ቦታ አዘጋጅተዋል፤ ወንበሩም ክብሩም አለ። አልመረመርም ካልኩ ግን ስንብት ነው። እኔ እዚያው "አልመረመርም" ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ግን ፈራሁ። ለሌላ አልናገረውም። ባለፈው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ከኋላዬ ሦስቴ ጠርተውኝ አልዞርኩም አሉ። ኩራት ነው ብለው ተቀይመውኛል፤ እኔ ኩራት እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ስለዚህ በአንተ እመረመራለሁ። ሰምቼው የማላውቀውን ማዳመጫ ላክልኝ። ዛሬ ግን ደንቡን እንገልብጠው፦ አንተ ቅደም። ሰምተህ ፍርድህን አሽገህ ላክ፤ እኔም ሳምንቴን ሰምቼ፣ ጽፌ፣ ከዚያ እከፍታለሁ። ቀጭኑ ላይ ከገጠምን ጆሮዬ ጤነኛ ነው፤ ስለ ምርመራ ማንም እንዳያነሣብኝ። ካልገጠምን በማግስቱ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ወንበሩንም በምስጋና እቀበላለሁ። ከሐኪሙ መሣሪያ ይልቅ አንተን አምናለሁና አደራ፣ ሳታዳላ ፍረድ።

ያው ሰውዬ

ከሥሩ፣ ኅዳር 14፦ ዛሬ ደረሰኝ። የተናደደ ሰው ጽሑፍ ነው።

ነገሩ እንደ ሚዛን ግልጽ ነው። አንድ መስመር ብጽፍ ይድናሉ። ደብዳቤ ለመድረስ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ዛሬ ብልክ ኅዳር 19 ይገባል።

ኅዳር 17፦ አልላክሁም። ማዳመጫውን መርጫለሁ፣ ሳጥኑን አዘጋጅቻለሁ። ባለቤቴ "ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ። "ሳምንት ሳልሰማ ብልክ ይጠራጠራሉ" አልኳት። ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰው ፊት ብትስቅብኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ኅዳር 21

ይድረስ ለጋሼ፦

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደ ትእዛዝዎ አዲሱን ማዳመጫ ልኬያለሁ፤ ድፍን ነው። ፍርዴ በታሸገው ፖስታ ውስጥ አለ።

የጆሮ ትራሱ ከምን ቢሆን እንደሚሻል እንዲያዩት ሁለት ዓይነት ጨምሬልዎታለሁ። ቆዳ መሰሉ ድምፁን አጥብቆ ይይዛል፤ ግን ያልባል፣ በሁለት ዓመትም እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ጨርቁ ይመቻል፤ ግን ባሱ ይሳሳል፣ አቧራም ይወዳል። ሲቀይሩ በጥፍር እንዳይጎትቱ፤ የማንኪያ እጀታ ይበቃል። ገመዱ ሲታጠፍ እንዳይሰበር ማጠፊያው ላይ ስፕሪንግ ጠምጥሜበታለሁ።

ለመዘግየቴ ይቅርታ።

አክባሪዎ፣
ነጋዴው

ከሥሩ፦ በታሸገው ፖስታ ውስጥ የገባው ይህ ነው፦

"ጋሼ፣ ይህ ፍርድ አይደለም። ማዳመጫውን ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ቀጭኑ ድምፅ ግን ምንም ልነግርዎ አልችልም፣ አልሰማውምና። ሦስት ዓመት ሙሉ አልሰማሁም። ፖስታዎን ሁልጊዜ ቀድሜ እከፍት ነበር። የጻፍኩልዎ ሁሉ የእርስዎው ቃል ነው፤ ልብስ ቀይሮ የተመለሰ። 'ሀ' እና 'ለ' ለእኔ አንድ ነበሩ። ባለቤቴ ሰምታ 'ለ' እንደሚወጋ ነግራኛለች፤ ያንን እያወቅሁ ነው 'ለ' ብዬ የፈረድኩት። ኃላፊዋ ልክ ናት። ይመርመሩ፣ ወንበሩንም ይቀበሉ። እባክዎ።"

ሳጥኑን ከፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ፊት ስዘጋ፣ የታሸገው ፖስታ ጀርባ ላይ "አሁኑኑ ይክፈቱ" ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አወጣሁ። ሁለት ቃል ናቸው። አልጻፍኩም። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ከኋላዬ ያሉት ይነጫነጩ ነበር። ምክንያቱ ግን ሰልፉ አይደለም። ሳጥኑ ኅዳር 26 ይገባል፤ ጋሼ ሳምንት ከሰሙ ቀኑ ያልፋል። ከቀኑ በኋላ ቢከፍቱት ቢያንስ ፊቴን ለማዳን ጊዜ አገኛለሁ ብዬ አስቤያለሁ? አላሰብኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። አስቤያለሁ።

ታኅሣሥ 4

ነጋዴው፦

ሳጥኑ ኅዳር 26 ደረሰኝ። ስለ ትራሱ የጻፍከውን አነበብኩ፤ ልክ ነህ፣ ቆዳው ያልባል። ፖስታህን መደርደሪያ ላይ አቁሜ በማግስቱ ሳምንቴን ጀመርኩ።

ኅዳር 30 ገና አራተኛ ቀኔ ነበር። ልክፈተው ብዬ ሁለቴ አንሥቼ መለስኩት። ደንብ ደንብ ነው። ደግሞ ሦስት ዓመት የገጠመ ዛሬ አይከዳም አልኩ። ቢሮ ሄጄ "አልመረመርም" ብዬ የስቱዲዮውን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ኃላፊዋ "አባባ፣ አይቸኩሉ" አለችኝ። ሌላም ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። ድገሚልኝ ማለት አፍሬ ወጣሁ።

ትናንት ሳምንቱ ሞላ። ስለ ቀጭኑ ድምፅ ሦስት ገጽ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ከፈትኩ።

ሥራዬን አንተ አልወሰድክብኝም። እልሁ የእኔ ነው፤ ያንን ድርሻ ላንተ አላካፍልም። አንተ የወሰድክብኝ ሌላ ነው። ማዳመጫ አድርጌ ብቻዬን ስቀመጥ፣ በሌላ ከተማ አንድ ሰው ይህንኑ ድምፅ እኔ የሰማሁበት ቦታ ላይ ይሰማዋል እል ነበር። ጸናጽሉ ሲመታ "አሁን እሱም ሰማ" እል ነበር። ሦስት ዓመት ሁለት ነን ብዬ ኖርኩ። ለካ አንድ ነበርኩ፤ እሱም ያልሰማ አንድ።

ሳጥን አትላክ። ደብዳቤም አትላክ።

ከሥሩ፦ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስጨርስ "ደግመህ አንብብ" አለችኝ። ደገምኩ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወስዳ ራሷ ጨረሰችው። ደንበኛ ገባና "ለሩጫ የሚሆን አለ?" አለ። "እሷን ጠይቃት" አልኩት፤ "እኔ አልሰማም።" ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አልኩት። ሰውየው እየቀለድኩ መስሎት "እኔም ሚስቴን አልሰማም" አለ።

ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለጋሼ፦

አትጻፍ ማለትዎን አውቃለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም የጻፍኩት፤ የሚጠየቅበት አፍ የለኝም።

ለክፍል ኃላፊዋ ትናንት በአውቶቡስ ሰው እጅ ደብዳቤ ልኬ ነበር። በስብሰባው የተነበበው ምስክርነት ሐሰት እንደነበረ፣ እርስዎ ግን በንጹሕ ልብ እንዳመኑኝ ጽፌ ፈረምኩ። ባለቤቴም ስለ "ለ" የሰማችውን ከሥሩ ጽፋ ፈረመች። ኃላፊዋ ዛሬ ስልክ ደወለችልኝ። ቁልፉን ያስቀመጡ ዕለት እርስዎ ያልሰሙት ነገር ይህ ነው፦ "የማስተማሩ ወንበር እስከ ታኅሣሥ 24 ይቆይልዎታል።" አሁንም ክፍት ነው። ግን በደብዳቤ ወይም በሰው አይሆንም፤ ራስዎ ሄደው አዎ ማለት አለብዎ።

ነጋዴው

ከሥሩ፣ ታኅሣሥ 20፦ ደብዳቤው ሳይከፈት ተመለሰ። ፖስታው ላይ "ተቀባይ አልፈለገም" ተብሎ ማህተም ተመትቶበታል። ደንብ የሚያከብር ሰው አትላክ ካለ አይከፍትም። ቀኑ ሊያልፍ አራት ቀን ቀርቶታል። ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። "ቢያባርሩህስ?" አለችኝ። "ያባርሩኝ፤ ከማባረራቸው በፊት ግን ይሰሙኛል" አልኳት።

ታኅሣሥ 22

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ፎቁ አሮጌ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ የእጅ መደገፊያው በብዙ እጅ የለሰለሰ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ግራው በር። የበሩን ደወል ተጫንኩ። ምንም አልሰማሁም። ደወሉ ተበላሽቶ ይሁን፣ ቀጥኖ ጮሆ እኔ ሳልሰማው ቀርቼ ይሁን አላወቅሁም። ደግሜ ተጫንኩ። ደወሉ ቢሠራም እሳቸው ከውስጥ እንደኔው ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ከአንድ በር ወዲህና ወዲያ ሆነን አንዱም የማይሰማው ደወል መካከላችን ይጮሃል። በመጨረሻ በሩን በቡጢ መታሁት።

"ማን ነው?" አሉ ከውስጥ።

ሦስት ዓመት ስለ ድምፅ ስንጻጻፍ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወፍራም ነው፤ ከታች የሚመጣ፣ ትንሽ የሻከረ። ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

"እኔ ነኝ" ማለት ቀላል ነበር። በር ላይ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። "ነጋዴው ነኝ" አልኩ። "ፖስታዎን ቀድሜ ስከፍት የነበርኩት።"

"አልሰማሁም። ጮክ በል!"

ጮክ አልኩ። "ሦስት ዓመት የዋሸሁዎት ነጋዴ ነኝ! ሳልሰማ ሰማሁ ያልኩዎት!" ቃሉ ደረጃውን ወርዶ ተመለሰ። ከላይኛው ፎቅ አንድ በር ተከፈተና አንዲት ሴትዮ እርጥብ ልብስ እንደያዘች በመደገፊያው ላይ አንገቷን አወጣች። ከሥርም የሰው እግር ቆመ።

"ማን ነኝ ነው የምትለው?" አሉ ጋሼ።

ጎንበስ ብዬ አፌን ወደ በሩ አስጠግቼ፣ ከደረቴ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ፦ "ውሸታሙ! እርስዎን ከሥራ ያስወጣው! ወንበሩ እስከ ሐሙስ ክፍት ነው ልልዎ ነው የመጣሁት!"

ሴትዮዋ "ኧረ ጉድ!" አለች።

ቁልፉ ዞረ። ጋሼ ቁመታቸው አጭር ነው፤ እኔ ረጅም አድርጌ ነበር የማስባቸው። መጀመሪያ እኔን ሳይሆን ከጀርባዬ ደረጃውን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ሳይቸኩሉ አዩ።

"ሁለተኛውን ጩኸትህን ሰምቼው ነበር" አሉኝ። "ሦስተኛው ለእነሱ ነው። ለሰላምታቸው አልመልስም እያሉ ዓመት ሙሉ ሲያሙኝ ከርመዋል፤ መስማት እንዳቃተኝ ይወቁት።"

አንገቴን ደፋሁ።

"ቀና በል። አንገትህን ስትደፋ ከንፈርህን አላይም" አሉና በሩን በሰፊው ከፈቱት። "አሁን ስለ ወንበሩ ንገረኝ። ቀስ ብለህ፣ ፊት ለፊቴ ቆመህ።"